መጋረጃውና ከፊቱ የተቀመጡት
ስለ ዴቪድ ሮበርትስ ከመድረክ ወደ መልክዐ ምድር ጉዞ የቀረበ ሂስ

በአገራችን ፎቶ ቤት ገብቶ የተነሣ ሰው ሁሉ ከጀርባው ተሰቅሎ የነበረውን ቀለም የተቀባ መጋረጃ ያስታውሰዋል። ፏፏቴ፣ ሐይቅ፣ ደረጃው የሰፋ ቤተ መንግሥት፣ አንዳንዴም አውሮፕላን ተሥሎበታል። ቤተሰቡ የክት ልብሱን ለብሶ ከፊቱ ይቆማል፤ ፎቶግራፍ አንሺው ቀና በሉ ይላል፤ ያበቃል። ፎቶው ታጥቦ ሲወጣ ስለ ፏፏቴው የሚጠይቅ የለም። የሚጠየቀው «ይህች ማን ናት? ያ ትንሹስ የማን ልጅ ነው?» እየተባለ ነው። መጋረጃው የተሰቀለው ለሰዎቹ ሲባል ነውና።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ሠዓሊ የሕይወቱን የመጀመሪያ አጋማሽ እንዲህ ያለውን መጋረጃ ለቲያትር ቤቶች ሲሥል የኖረ፣ ኋላም መድረኩን ትቶ በመልክዐ ምድርና በፍርስራሽ ሥዕል ዝናው አውሮፓን ያዳረሰ ስኮትላንዳዊ ነው። ስሙ ዴቪድ ሮበርትስ ይባላል። ከሞተ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ስለሆነው የባዕድ አገር ሠዓሊ መጻፍ ለስደተኛ ተማሪ ምን ይፈይዳል? ይህን የሚጠይቅ አንባቢ ቢኖር አንፈርድበትም። መልሳችን አንድ ሥዕል ነው። በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ የምንኖር ጥቂት ጓደኛሞች በዋሽንግተን የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ያሉትን የሮበርትስ ኅትመቶች ስናገላብጥ ከቤተ መቅደሶቹና ከግዙፍ ሐውልቶቹ መካከል አንድ ርዕስ ዓይናችንን ያዘው፤ «በኑቢያ ኮርቲ ላይ ያረፉ የአቢሲኒያ ባሮች» ይላል። ከዚያ በኋላ የቀሩትን ሥዕሎች እንደ ቀድሞው ልንመለከታቸው አልቻልንም።

፩

ሮበርትስ በ1796 በኤድንበርግ ዳር በምትገኘው በስቶክብሪጅ ከጫማ ሠሪ አባት ተወለደ። (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ገና ልጅ ሳለ ለአንድ የቤት ቀለም ቀቢና አስጊያጭ ተሰጥቶ ሰባት ዓመት ሙያ ተማረ። በ1816 ከአንድ የሰርከስ ቡድን ጋር የመድረክ ሥዕል መሥራት ጀመረ። በግላስጎውና በኤድንበርግ ቲያትር ቤቶች ሠራ፤ ተዋናይት አገባ፤ በ1822 ወደ ለንደን ሄዶ በድሩሪ ሌን ቲያትር ተቀጠረ። በዚያም ከክላርክሰን ስታንፊልድ ጋር ጎን ለጎን ሠሩ። ስታንፊልድ የቀድሞ መርከበኛ ነበር፤ እርሱም ኋላ መድረኩን ትቶ የባሕር ሥዕል ሠዓሊ ሆኗል። ከመድረክ ወደ መልክዐ ምድር መሻገር እንግዲህ የአንድ ሰው ዕጣ ብቻ አልነበረም፤ በዘመኑ ለሠርቶ አዳሪው ልጅ ክፍት ከነበሩት ጥቂት መሰላሎች አንዱ ነበር ማለት ይቻላል።

የመድረክ ሠዓሊው ሥራ ምን ነበር? ቀለሙን በሙጫ ውኃ በጥብጦ፣ ከቤት የሚሰፋ ሸራ ዘርግቶ፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከተማ ወይም ዱር ያቆማል። ሥራው ከሩቅ፣ በመብራት የሚታይ ነው፤ የለንደን ታላላቅ ቲያትር ቤቶች ከ1817 ጀምሮ በጋዝ መብራት ይጠቀሙ ነበር። በግራና በቀኝ የሚቆሙትን ክፈፎች አጥቁሮ የመካከሉን ያበራል፤ የተመልካቹ ዓይን በዚያ ጨለማ ኮሪደር አልፎ ወደ ሩቁ ብርሃን ይገባል። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ልናስተውለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። የመድረክ ሠዓሊ የሚሥለው ባዶ ቦታ ነው። ሰው መሣል የእርሱ ኃላፊነት አይደለም፤ ሰዎቹ ኋላ በእግራቸው ይመጣሉ፤ ይናገራሉ፤ ያለቅሳሉ፤ ይዘፍናሉ። የመጋረጃው ግዴታ ከኋላቸው ሆኖ ዝም ማለት ነው።

ሥራው ደግሞ አላቂ ነው። ተውኔቱ ከመድረክ ሲወርድ ሸራው ሌላ ቀለም ይቀባበታል። የጫማ ሠሪው ልጅ በጋጣሚ ሳይሆን በልፋቱ ያገኘው ጥበብ በየወቅቱ እየታጠበ ሲጠፋ ቢያይና ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የሚቀር፣ ስሙ የተጻፈበት ሥዕል ቢመኝ ማን ይፈርድበታል? በ1824 ሥዕሎቹን በለንደን አሳየ፤ በ1830 ገደማ የቲያትር ሥራውን ተወ። ይህን መሸጋገር «ከእጅ ሙያ ወደ እውነተኛ ጥበብ ማደግ» አድርገው የሚጽፉ አሉ። እኛ አንስማማም። ሮበርትስ መድረኩን አልለቀቀም፤ ይዞት ወጣ እንጂ።

፪

ለዚህ አባባላችን ማስረጃው ቅርብ ነው። ሮበርትስ ምሥራቁን ሳያየው ሥሎታል። በ1827 በኮቨንት ጋርደን ቲያትር ለቀረበ የሞዛርት ኦፔራ ትዕይንቶቹን የሠራው እርሱ ነው። ታሪኩ በባሕር ወንበዴዎች ተይዘው ለአንድ የቱርክ ፓሻ ስለተሸጡ አውሮፓውያን ነው። በ1829 ደግሞ የእስራኤላውያንን ከግብፅ መውጣት የሚያሳይ ትልቅ ሸራ አቀረበ፤ ማለቂያ የሌለው አምድና አዳራሽ፣ ከሥሩ የሚርመሰመስ ሕዝብ። ግብፅን በእግሩ የረገጠው ከዚህ ዘጠኝ ዓመት በኋላ ነው። ስለዚህ በ1838 አባይ ወንዝ ላይ ሲደርስ አዲስ አገር አላየም፤ በልቡ ተሥሎ ያደረውን መድረክ ልኩንና ቀለሙን አረመ እንጂ።

ይህ ማለት ግን ሥራው ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ሂስ የሚጽፍ ሰው በመጀመሪያ ፍትሐዊ መሆን አለበት። በኦገስት 1838 መጨረሻ ከለንደን ተነሥቶ በግብፅ አሌክሳንድሪያ ወረደ፤ ጀልባ ተከራይቶ እስከ አቡ ሲምበል ወጣ፤ ካይሮን፣ ሲናን፣ ፔትራንና ኢየሩሳሌምን ሥሎ በ1839 ተመለሰ። በካይሮ መስጊዶች ገብቶ እንዲሥል የተፈቀደለት የቱርክ ልብስ እንዲለብስና ከዐሣማ ፀጉር በተሠራ ብሩሽ እንዳይጠቀም ቃል ገብቶ ነው። ካመጣቸው ንድፎች ቤልጂጋዊው ሉዊ ሃግ በድንጋይ ላይ እየሣለ ከ1842 እስከ 1849 ወደ 250 የሚጠጉ ሊቶግራፎች ታተሙ። ፎቶግራፍ ገና በተወለደበት በዚያ ዘመን፣ ኋላ ስለጠፉና ስለተንቀሳቀሱ ሕንፃዎች ከዚህ የሚበልጥ ምስክር ጥቂት ነው። እጁ ጠንካራ፣ ዓይኑ ልክ ዐዋቂ ነበር። በ1841 የሮያል አካዳሚ ሙሉ አባል ሆነ፤ ለጫማ ሠሪ ልጅ ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም።

ይሁን እንጂ ሥዕሎቹን ተራ በተራ ስንመለከት ያው የቲያትር ሕግ ይገዛቸዋል። ከፊት ጥላ፤ በግራና በቀኝ አምድ ወይም የተሰበረ ግንብ፤ በመካከል ብርሃን። አንድ ነገር ብቻ ጎድሏል። በዚህ መድረክ ላይ ተዋናይ አይመጣም። ስለዚህ ሠዓሊው ራሱ ሰዎችን ማስገባት ግድ ሆነበት፤ ያስገባቸውም እንደ አጃቢ ነው። በአቡ ሲምበል ሃያ ሜትር ከሚሆኑት ሐውልቶች ሥር የሚታዩት ሰዎች የተሣሉት ራምሴስ ምን ያህል ግዙፍ እንደነበረ ለማስላት እንዲያመቹ ነው። መለኪያ ናቸው። ጥምጥማቸው ለግራጫው ድንጋይ ቀይና ሰማያዊ ነጥብ ያዋጣል። ከየት መጡ? ግብር ለማን ይከፍላሉ? በሙሐመድ ዓሊ ዘመን የግብፅ ገበሬ ለቦይ ቁፋሮና ለጦር ሠራዊት እየታፈሰ እንደነበር ከሥዕሉ ማንም ሊያውቅ አይችልም። ፎቶ ቤታችን መጋረጃውን ለሰው ሰቀለ፤ ሮበርትስ ሰውን ለመጋረጃው አቆመ። ልዩነቱ ይህ ነው።

፫

ወደ ኮርቲው ሥዕል እንመለስ። ኮርቲ በአስዋንና በአቡ ሲምበል መካከል፣ በታችኛው ኑቢያ የነበረች መንደር ናት። በዚህ ሥዕል ርዕሱን የያዙት ሐውልትና ቤተ መቅደስ ሳይሆኑ ሰዎች ናቸው። ወደ ፊት ቀርበዋል፤ ከረጅም መንገድ ዐርፈዋል። ለአንድ ጊዜ ያህል መለኪያዎቹ ራሳቸው ጉዳይ ሆነዋል።

እነማን ነበሩ? ስማቸውን የጻፈ የለም። የመጡበትን መንገድ ግን ታሪክ ያውቀዋል። የሙሐመድ ዓሊ ጦር በ1820 እና በ1821 ሱዳንን ከያዘ በኋላ የባሪያው ንግድ በአባይ ሸለቆ በኩል ወደ ካይሮ በስፋት ፈሰሰ። ከደቡብና ከምዕራብ የተያዙ ሰዎች፣ አብዛኛውን ጊዜ ልጆችና ወጣት ሴቶች፣ ከገበያ ወደ ገበያ እየተሸጡ በጎንደርና በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ይወርዱ ነበር። ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነው። ሻጩ ማን ነበር ብለን ብንጠይቅ መልሱ ያሳፍረናል፤ የውጭ ነጋዴ ብቻ አልነበረም። ከአገር ቤት ዘራፊና ነጋዴ፣ ቀረጥ የሚቀበል መስፍንም ነበረበት። አቢሲኒያ የሚለው ስምም ቢሆን የገበያ ስም ነው። የካይሮ ነጋዴ «ሐበሻ» ብሎ የሚሸጣቸው ኦሮሞዎች፣ ጉራጌዎች፣ ሲዳማዎችና ሌሎችም ነበሩ፤ በዚያን ጊዜ በሐበሻ ስም የሚኮራው ወገን ደግሞ እነርሱን ከራሱ አይቆጥራቸውም ነበር። እንግዲህ ዛሬ በባዕድ ወረቀት ላይ አይተን «ወገኖቻችን» ስንል፣ በቤታቸው ሳሉ ወገን ያላልናቸውን ሰዎች ነው የምንጠራው። ይህን ሳይናገሩ በሮበርትስ ላይ ብቻ ጣት መቀሰር ቀላል ነው፤ እውነተኛ ግን አይደለም።

ከመካከላችን በዚያው በመተማ በር ወደ ሱዳን ወጥተው፣ ካርቱም ላይ ወራትና ዓመታት ተቀምጠው እዚህ የደረሱ አሉ። በገዛ እግር መሰደድና ተሸጦ መነዳት አንድ አይደሉም፤ እናዛምዳቸው አንልም። መንገዱ ግን ያው መንገድ ነው። ከኮርቲ አጠገብ የሚያልፈው ውኃም ያው ነው። ሮበርትስ በዚያ መኸር ሽቅብ የቀዘፈበት ጎርፍ አብዛኛው ከኢትዮጵያ ደጋ የወረደ፣ አፈራችንን የተሸከመ ነበር።

አሁን የ1827ቱን ኦፔራ እናስታውስ። በዚያ መድረክ የተሸጡት አውሮፓውያን ስም አላቸው፤ ኮንስታንዜና ብሎንደ ይባላሉ። የሚጠብቃቸው ፍቅረኛ፣ የሚዘፍኑት ዜማ አላቸው፤ በመጨረሻም ፓሻው ይምራቸውና ይሄዳሉ። ያን መጋረጃ የሣለው እጅ በኮርቲ የሣላቸው ሰዎች ግን ስም የላቸውም፤ የሚናገሩት የለም፤ ሦስተኛ ገቢር የለም። ከቲያትር ወደ መልክዐ ምድር በተደረገው ሽግግር የጠፋው ምን እንደሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ የለም። ሮበርትስ ጨካኝ ስለነበረ አይደለም። ሙያው ተዋናዩን ከሌላ ቦታ እንዲጠብቅ አስተምሮት ነበር፤ ያ ሌላ ቦታ ደግሞ በዚህ ጊዜ ባዶ ነበር። ስለዚህ የደከሙ ሰዎችን አየ፤ አሰካክቶ አቀመጣቸው፤ ርዕስ ሰጣቸው፤ ጀልባውም ቀጠለች።

የገዢዎቹም ሁኔታ ሊታሰብ ይገባል። በብሪታንያ ቅኝ ግዛቶች የነበሩት ባሮች በሕግ ሙሉ በሙሉ ነጻ የወጡት ኦገስት 1 ቀን 1838 ነው፤ ሮበርትስ ከለንደን የተነሣው በዚያው ወር ነው። ሊቶግራፉን የገዛው የለንደን ባለጸጋ ባርነትን እንደ ምሥራቅ አገር ልማድ፣ እንደ ዘንባባና እንደ ግመል፣ ከእርሱ እጅ እንደጸዳ ነገር አድርጎ ለመመልከት ተዘጋጅቶ ነበር። መልክዐ ምድር ለዚህ ይመቻል። በመልክዐ ምድር ውስጥ ማንም ተጠያቂ አይደለም።

፬

የምንኖርበት አካባቢ ይህን ነገር ሩቅ አድርገን እንዳናይ ያስገድደናል። ሮበርትስ ከወረደበት ከግብፁ አሌክሳንድሪያ ጋር ስም የሚጋራው የቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ በዚያው ዘመን የታወቀ የባሪያ ገበያ ነበር። ፍራንክሊንና አርምፊልድ የተባለው ድርጅት ከ1828 እስከ 1836 በዱክ ጎዳና ካለው ቤቱ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን ገዝቶ ወደ ደቡብ ልኳል፤ ከእርሱ በኋላም ቤቱ በሌሎች ነጋዴዎች እጅ እስከ 1861 በዚያው ሥራ ቀጠለ። በዚያን ጊዜ ከተማዋ እስከ 1847 ድረስ የአሜሪካ መናገሻ ግዛት አካል ነበረች። ዛሬ ቤቱ ቤተ መዘክር ነው። ከአሮጌው ከተማ ወንዝ ዳር፣ ከጡብ ቤቶቹና ከፋኖሶቹ መካከል የሚዝናና ሰው ግን የሚያየው ያማረ ትዕይንት ነው፤ ወደ ዱክ ጎዳና የሚወጣው ጥቂቱ ነው። ሰውን አስወጥቶ መጋረጃውን ማስቀረት የአንድ ሠዓሊ በሽታ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

የኑቢያም ፍጻሜ ይህንኑ ይመሰክራል። የአስዋን ከፍተኛ ግድብ ሲሠራ ዓለም ገንዘብ አዋጥቶ የአቡ ሲምበልን ቤተ መቅደሶች ከ1964 እስከ 1968 እየቆረጠ ከ60 ሜትር በላይ ከፍ አድርጎ አቆማቸው። ሮበርትስ የሣለው የደንዱር ቤተ መቅደስ ለአሜሪካ ተሰጥቶ ከ1978 ጀምሮ በኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም በመስተዋት አዳራሽ ውስጥ ቆሟል፤ ከዋሽንግተን በአውቶቡስ ሄዶ ማየት ይቻላል። ወደ 50,000 የሚጠጉ የግብፅ ኑቢያውያን ደግሞ በ1963 እና በ1964 ከመንደራቸው ተነሥተው ሌላ ቦታ ሰፈሩ፤ የሱዳኖቹም እንዲሁ። ድንጋዩ በየቁጥሩ ተመዝግቦ፣ እንደነበረ ተገጣጥሞ ቆመ። መንደሩ ግን ውኃ ሥር ቀረ።

፭

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ፤ ሂስ ያለ ግለ ሂስ ሙሉ አይሆንምና። በሲልቨር ስፕሪንግ ስብሰባ ከምናደርግባቸው ሳሎኖች፣ በአሌክሳንድሪያ ቡና ከምንጠጣባቸው ቤቶች ግድግዳ ላይ ምን ተሰቅሏል? የላሊበላ ቤተ ጊዮርጊስ ከላይ ወደ ታች፤ የጢስ ዓባይ ፏፏቴ፤ የፋሲል ግንብ፤ የስሜን ተራራ በጭጋግ። ሰው የለበትም፤ ካለም አንድ እረኛ ከሩቅ፣ የገደሉን ጥልቀት ለመለካት። ከአገር በራቅን ቁጥር አገራችን ወደ መጋረጃ እየተለወጠች ነው። ከፊቷ የምንቆመው እኛ፣ የክት ልብሳችንን ለብሰን። በተራራው ጥግ የሚያርሰው ሰው ዘንድሮ ምን አጨደ፣ ልጁ የት ገባ፣ ማን አፈናቀለው የሚለውን ጥያቄ ተራራው ይሸፍንልናል። ናፍቆት ኃጢአት አይደለም። ሰው የሌለበት ናፍቆት ግን የሮበርትስን ሥዕል በአማርኛ መድገም ነው።

ሌላ መንገድ እንዳለ የራሳችን ሠዓሊዎች አሳይተዋል። እሸቱ ጥሩነህ በ1974 የወሎን የረሃብ ሰለባዎች ሲሥል አገሩን አስውቦ ሰውን ከጥግ አላስቀመጠም፤ ሰዎቹ ራሳቸው ሥዕሉ ሆኑ። ይህ ከሮበርትስ በብሩሽ ችሎታ መብለጥ ወይም ማነስ አይደለም። ቦታውን ለማን ሰጠ ነው ጥያቄው።

ሮበርትስ በ1864 ሞተ። ሥራው ቢከበር አንቃወምም፤ መጽሐፉን ዝጉት፣ ኅትመቱን አውርዱት አንልም። እንዲያውም የኮርቲውን ሥዕል እያንዳንዱ አንባቢያችን ፈልጎ እንዲያየው እንመክራለን። ስናየው ግን ፎቶ ቤት ውስጥ የምንጠይቀውን ጥያቄ እንጠይቅ፤ ይህች ማን ናት? ያ የማን ልጅ ነው? መልስ አናገኝም። አለማግኘታችን ራሱ ከሥዕሉ የምንወስደው ትምህርት ነው።

አገር ቤት የተነሣን አሮጌ ፎቶግራፍ ብንገለብጠው ከጀርባው በእስክሪፕቶ የተጻፈ ነገር አይጠፋም፤ ስም፣ ቀን፣ «ለማስታወሻ» የሚል ቃል። የመጽሔታችን አንባቢዎች በየግድግዳቸው የሰቀሉትን የአገር ሥዕል አንድ ቀን አውርደው በጀርባው በዚያ ቦታ የሚኖሩ፣ የሚያውቋቸውን ሰዎች ስም እንዲጽፉበት እንጠይቃለን። አምስት ስም መጻፍ የማይችል ሰው የሰቀለው አገሩን ሳይሆን መጋረጃ መሆኑን ይወቀው። እኛ ሞክረነዋል። ከመካከላችን አምስት የሞላው አንድ ሰው ብቻ ነው።